የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ማሰሪያው የት ነው?

በመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ለመምህራንና ለትምህርት ሥራ ኀላፊዎች የተነገረ ንግግር



አበው «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ብለዋል። የእንግሊዝኛ ሰዋስው ትምህርትም ከሥሩ ካልተያዘ በቀር ተማሪው ስሙን እንጂ ነገሩን ሳይዝ ይቀራል። ለዚህ ምስክር እንዲሆን አንድ የዘጠነኛ ክፍል በዐይነ ኅሊና ይታይ። እጩው መምህር የአራቱን የዐረፍተ ነገር ዓይነቶች ስም በጥቁሩ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ጽፏል። ተማሪዎቹም ትርጓሜውን በቃላቸው አጥንተዋል። «ውስብስብ ዐረፍተ ነገር ምንድን ነው?» ተብለው ሲጠየቁ አንዱ ብድግ ብሎ፥ «አንድ ዋና ዐረፍተ ነገርና አንድ ወይም ከአንድ የበለጡ ጥገኛ ዐረፍተ ነገሮች ያሉበት ነው» ሲል አንዲት ቃል ሳያጎድል ይመልሳል። መምህሩም ደስ ይለዋል።

ቀጥሎም መምህሩ አንድ ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ይጽፋል፤ «ዘ ፋርመር ሁ ቦት ዘ ኦክስ ዛት ኪልድ ዘ ዶግ ወንት ሆም»። በአማርኛ «ውሻውን የገደለውን በሬ የገዛው ገበሬ ወደ ቤቱ ሄደ» ማለት ነው። መምህሩ «ወደ ቤቱ የሄደው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ያው ትርጓሜውን አሳምሮ የተናገረው ተማሪ፥ «ውሻው» ብሎ ይመልሳል። ክፍሉ ይሥቃል፤ የሞተ ውሻ ወደ ቤቱ አይሄድምና። ነገር ግን ሣቁ ካለፈ በኋላ መምህሩ ሊያስብበት የሚገባ ከባድ ጥያቄ ይቀራል። ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ የታዘዘውን አጥንቷል። ታዲያ ትርጓሜውን የያዘው ልጅ ዐረፍተ ነገሩን ስለ ምን ሳተው? ይህ ንግግር የሚመልሰው ይህንኑ ጥያቄ ነው። የእንግሊዝኛው ምሳሌ ሁሉ በግእዝ ፊደል የተጻፈውም ዐይን የቃላቱን አሰላለፍ እንዲከተል ነው።

ጉዳቱ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ የሚወሰን ቢሆን ኖሮ ቀላል በሆነ ነበር። በኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፥ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርትም በእንግሊዝኛ እንዲካሄድ ወሰነ። ስለዚህ ውሻውንና ገበሬውን ለይቶ ማወቅ ያቃተው ልጅ በዚያው ዐይኑ የሥነ ሕይወትን፥ የፊዚክስንና የታሪክን መጽሐፍ ያነባል። «ዱ ኖት ድሪንክ ዘ ዎተር አንለስ ኢት ሃዝ ቢን ቦይልድ» የሚል የጤና ማስጠንቀቂያም ያገኛል። ትርጉሙ «ውሃው ካልፈላ በቀር አትጠጣ» ነው። ቃላቱን ሁሉ እያወቀ አሠራሩን ያላወቀ ልጅ ግን «አትጠጣ»፥ «ውሃ»፥ «የፈላ» የሚሉትን ሦስቱን ለቅሞ «የፈላ ውሃ አትጠጣ» ብሎ ሊረዳው ይችላል። የመልእክቱ ተቃራኒ ማለት ነው። ያ ልጅ ነገ ከነገ ወዲያ መምህር ቢሆን ደግሞ ስሕተቱ በክፍሉ ባሉት ሕፃናት ቍጥር ይባዛል።

እንግዲህ የችግሩ ሥር ከወዴት ነው? ቢሉ፥ ሥሩ ያለው በሁለቱ ቋንቋዎች የአስተሳሰር ልዩነት ላይ ነው። የአማርኛ ሰዋስው ሊቃውንት ዐረፍተ ነገሩን የሚዘጋውን ግሥ «ማሰሪያ አንቀጽ» ብለው ሰይመውታል። ስሙ እጅግ የሠመረ ነው። እንጨት የሚለቅም ሰው ጭራሮውንና ፍልጡን ሁሉ ሰብስቦ ሲያበቃ በመጨረሻ በልጥ እንደሚያስረው፥ አማርኛም ባለቤቱን፥ ተሳቢውን፥ ጊዜውንና ስፍራውን ሁሉ አስቀድሞ ሰብስቦ በመጨረሻ በግሥ ያስረዋል። አድማጩም እስከ ማሰሪያው ድረስ በትዕግሥት ይቈያል። «ልጁ ትናንት ከገበያ ለእናቱ ሻሽ…» ተብሎ ቢቆም፥ ገዛ ይሁን ሰረቀ፥ አመጣ ይሁን ጣለ ማንም አያውቅም።

እንግሊዝኛ የሚያስረው በሌላ መንገድ ነው። ከብቱን ከማምጣቱ በፊት ችካሉን እንደሚተክል ሰው፥ ባለቤቱን ከጠራ በኋላ ወዲያው ማሰሪያውን ይተክላል፤ የቀረውንም አንድ በአንድ እያመጣ በዚያ ችካል ላይ ያስረዋል። «ዘ ቦይ ቦት ኤ ስካርፍ ፎር ሂዝ ማዘር ኢን ዘ ማርኬት» ሲል የቃላቱ ተራ «ልጁ፥ ገዛ፥ ሻሽ፥ ለእናቱ፥ በገበያ» ነው። የአማርኛ አንባቢ ማሰሪያውን በዐረፍተ ነገሩ ጫፍ ሲፈልግ፥ እንግሊዝኛው ግን በሁለተኛው እርምጃ ላይ ትቶት አልፏል።

የተራው ነገር በእንግሊዝኛ እንዲህ የጠነከረበት ምክንያት አለ። በአማርኛ «ውሻው ሰውየውን ነከሰው» ቢባል፥ «ሰውየውን ውሻው ነከሰው» ቢባል፥ ነካሹ ውሻው ነው። «ን» የምትለው አንዲት ፊደል ተሳቢውን ታመለክታለችና። በእንግሊዝኛ ግን «ዘ ዶግ ቢት ዘ ማን» የሚለው ተገልብጦ «ዘ ማን ቢት ዘ ዶግ» ከተባለ ነካሹ ሰውየው ይሆናል። ቃላቱ አልተለወጡም፤ የተለወጠው ስፍራቸው ነው። የጥንቱ እንግሊዝኛ እንዲህ አልነበረም፤ እርሱም ባለቤትንና ተሳቢን በቃል መጨረሻ በሚጨመር ምልክት ይለይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙበት ዘመን በፊትና በኋላ በነበሩት መቶ ዓመታት ግን እነዚያ ምልክቶች እየደከሙ ሄደው አብዛኞቹ ጠፉ። ምልክቱ ሲጠፋ ሥራው ለተራው ተላለፈ። ይህን ታሪክ ተማሪው ማጥናት አያስፈልገውም፤ መምህሩ ቢያውቀው ግን «ስፍራውን ጠብቅ» የሚለው ትእዛዝ ከወዴት እንደ መጣ ለመግለጥ ይመቸዋል።

አሁን ወደ ነጠላው ዐረፍተ ነገር እንመለስ። አንድ ማሰሪያ ብቻ ያለው ዐረፍተ ነገር እንኳ አንድ ዓይነት መልክ ብቻ የለውም፤ መልኩን የሚወስነው ማሰሪያው የሚጠይቀው ነገር ነው። ራንዶልፍ ክወርክ፥ ሲድኒ ግሪንባም፥ ጄፍሪ ሊችና ያን ስቫርትቪክ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ታላቅ የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጽሐፍ ዋናዎቹን መልኮች ሰባት አድርገው ቈጥረዋቸዋል። አንደኛው ከባለቤቱ በቀር ምንም አይጠይቅም፤ «ዘ ቻይልድ ስሌፕት»፥ ሕፃኑ ተኛ። ሁለተኛው ተሳቢ ይሻል፤ «ዘ ቻይልድ ድራንክ ሚልክ»፥ ሕፃኑ ወተት ጠጣ። ሦስተኛው ስለ ባለቤቱ የሚናገር መሙያ ይሻል፤ «ዘ ሚልክ ኢዝ ኮልድ»፥ ወተቱ ቀዝቃዛ ነው። አራተኛው ስፍራን ይሻል፤ «ዘ ካው ኢዝ ኢን ዘ ፊልድ»፥ ላሚቱ በመስኩ ናት። አምስተኛው ሁለት ተሳቢ ይሻል፤ «ሺ ጌቭ ሂም ሚልክ»፥ ወተት ሰጠችው። ስድስተኛው ተሳቢንና የተሳቢውን መሙያ ይሻል፤ «ዘይ ሜድ ሂም ቺፍ»፥ አለቃ አደረጉት። ሰባተኛው ተሳቢንና ስፍራን ይሻል፤ «ሺ ፑት ዘ ሚልክ ኦን ዘ ቴብል»፥ ወተቱን በጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ሺ ፑት ዘ ሚልክ» ብሎ የሚያቆም ተማሪ ችካሉ የሚጠይቀውን ሳይሰጥ ሄዷል፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪው «የት?» ብሎ ይጠብቃልና።

እንዲህ ያለው ጥናት እንግሊዝኛ እናት ቋንቋቸው ላልሆነ ተማሪዎች ምን ያህል እንደሚጠቅም ቀድመው ካሳዩት መካከል ሃሮልድ ፓልመርና አልበርት ሆርንቢ ይገኙበታል። ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1922 ወደ ጃፓን ሄዶ በማግሥቱ ዓመት በቶክዮ የእንግሊዝኛ ማስተማሪያ ምርምር ተቋም መሠረተ፤ ሆርንቢም እ.ኤ.አ. በ1924 ወደ ጃፓን ሄዶ አስተማረ። ሆርንቢ ከባልደረቦቹ ጋር ያዘጋጀው መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1942 በቶክዮ ታተመ፤ እ.ኤ.አ. በ1954 ባወጣው መምሪያ ደግሞ የግሦችን አሠራር በ25 መልክ ከፍሎ አሳየ። ለኢትዮጵያ መምህር ልዩ ትርጉም ያለው ነገር ይህ ነው፤ ጃፓንኛም እንደ አማርኛ ማሰሪያውን በመጨረሻ የሚያኖር፥ ገላጩንም ከተገላጩ ስም በፊት የሚያመጣ ቋንቋ ነው። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ያስተማሯቸው ልጆች በዚህ ረገድ የአማርኛ ተናጋሪውን ልጅ መሰል ችግር የነበረባቸው ናቸው።

ይህ ችግር የአማርኛ ተናጋሪው ልጅ ብቻ አይደለም። ኦሮምኛ፥ ትግርኛ፥ ሶማልኛና ሲዳምኛም ማሰሪያ ግሣቸውን በመጨረሻ ማኖርን ያዘወትራሉ። ስለዚህ የክፍሉ ተማሪዎች የተለያየ ቋንቋ ቢናገሩም «በቋንቋችሁ ማሰሪያው የት ነው?» የሚለው ጥያቄ ሁሉንም ያገናኛል። በኬንያና በታንዛኒያ ስዋሒሊ የሚናገረው ልጅ ግን በዚህ ነጥብ ሸክሙ ይቀልለታል፤ ስዋሒሊ እንደ እንግሊዝኛ ግሡን ከተሳቢው በፊት ያስቀድማልና። ለዚያ ልጅ የተዘጋጀ መጽሐፍ በአዲስ አበባም በሐዋሳም እንዳለ ይሠራል ብሎ መገመት አይገባም።

የነጠላው ነገር እንዲህ ከታወቀ የሌሎቹ ሦስቱ ትርጓሜ ራሱ ይገለጣል። ነጠላ አንድ ማሰሪያ አለው። ድርብ ሁለት ወይም ከሁለት የበለጡ እኩዮች ማሰሪያዎች አሉት፤ አንዱ የሌላው ጥገኛ አይደለም። ውስብስብ አንድ ዋና ማሰሪያና በእርሱ ላይ የተንጠለጠለ ሌላ ማሰሪያ አለው። ድርብ ውስብስብ ሁለቱን ጠባዮች በአንድነት ይይዛል። ይህን አከፋፈል ከሰማይ እንደ ወረደ ሕግ ማየት አያስፈልግም። በእንግሊዝና በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች እጅግ የተሠራበት የሊንድሊ ማሬይ ሰዋስው እ.ኤ.አ. በ1795 ሲታተም ዐረፍተ ነገርን ነጠላና ድርብ ብሎ በሁለት ብቻ ከፍሎት ነበር፤ ውስብስብ የሚለው ክፍል የተለመደው ከእርሱ በኋላ በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። ስም ያልፋል፤ የማይቀረው የማሰሪያው ቍጥርና ግንኙነት ነው።

ርዝመትም ፈራጅ አይደለም። «ዌት ቲል ሂ ከምስ» ወይም «እስኪመጣ ቈይ» የሚለው አራት ቃል ብቻ ሆኖ ሳለ ውስብስብ ነው፤ ሁለት ማሰሪያ አለውና። «ከወንዙ ማዶ ካለው መንደር የመጡት ሽማግሌ መምህር ዛሬ ጧት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር በዝግታ ወደ ትምህርት ቤት ሄዱ» የሚለው አሳብ ግን በእንግሊዝኛ «ዘ ኦልድ ቲቸር ፍሮም ዘ ቪሌጅ ቢዮንድ ዘ ሪቨር» ተብሎ ተጀምሮ በአንድ «ወንት» ሊታሰር ይችላል። ያን ያህል ረዝሞ ነጠላ ነው። «ረጅሙ ውስብስብ፥ አጭሩ ነጠላ» ብሎ የሚገምት ተማሪ በፈተና አንዳንድ ጊዜ ይሳካለታል፤ በንባብ ግን ይስታል።

ድርቡ ዐረፍተ ነገር በ«ኤንድ»፥ በ«ባት»፥ በ«ኦር» እና በመሰሎቻቸው ይያያዛል። በዚህ ስፍራ የአማርኛ ተናጋሪውን ተማሪ የሚያሰናክለው ቦዝ አንቀጽ ነው። አማርኛ «ተነሥቶ፥ ታጥቦ፥ ቍርሱን በልቶ ወደ ትምህርት ቤት ሄደ» ይላል። ሦስቱ ቦዞች ናቸው፤ የሚያስረው «ሄደ» ብቻ ነው። ተማሪው ይህን ሲተረጕም «ሂ ጎት አፕ፥ ሂ ዎሽድ፥ ሂ ኤት፥ ሂ ወንት» ብሎ አራት ሙሉ ማሰሪያዎችን በነጠላ ሰረዝ ብቻ ይደረድራቸዋል። በእንግሊዝኛ ጽሕፈት ግን ሙሉ ዐረፍተ ነገሮችን ነጠላ ሰረዝ ብቻውን አያያይዛቸውም። መምህሩ በቀይ ቀለም ከመሰረዙ በፊት ልጁ ያደረገውን ቢያስተውል፥ ልጁ የእናቱን ቋንቋ ሥርዐት በታማኝነት እንደ ጠበቀ ያያል። ያን ጊዜ «ስሕተት ነው» ማለት ቀርቶ፥ «በአማርኛ የሚያስረው የትኛው ነው? በእንግሊዝኛም እርሱን ብቻ እሰር» ሊለው ይችላል። ተማሪውም «አፍተር ሂ ሃድ ዎሽድ ኤንድ ኢትን፥ ሂ ወንት ቱ ስኩል» ወደሚለው ይደርሳል።

ከሁሉ የሚከብደው ውስብስቡ ነው። ምክንያቱም እንግሊዝኛ ጥገኛ ዐረፍተ ነገር መምጣቱን በመጀመሪያው ላይ ዐዋጅ ያስነግራል፤ «ቢኮዝ»፥ «ዌን»፥ «ኢፍ»፥ «ኦልዞ»፥ «አንለስ»፥ «ሁ»፥ «ዛት» ዐዋጅ ነጋሪዎች ናቸው። አማርኛ ግን ጥገኝነቱን አብዛኛውን ጊዜ በጥገኛው መጨረሻ በሚገኘው በግሡ ላይ ይለጥፈዋል፤ «ስለ መጣ»፥ «ሲመጣ»፥ «ቢመጣ»፥ «ካልመጣ» እያለ። ጥገኛውም ዘወትር ከዋናው ይቀድማል። በእንግሊዝኛ ግን ከዋናው በኋላም በዋናው መካከልም ሊገባ ይችላል። ከዚህ ልዩነት ብዙ የታወቁ ስሕተቶች ይወለዳሉ፤ ሦስቱን ማንሣት ይበቃል።

አንደኛው የ«ኦልዞ»ና የ«ባት» መደራረብ ነው። አማርኛ «ምንም እንኳ ቢታመም፥ ነገር ግን መጣ» ቢል አይነቀፍም። ተማሪውም «ኦልዞ ሂ ዎዝ ሲክ፥ ባት ሂ ኬም» ይላል። እንግሊዝኛ ለሁለት ማሰሪያ አንድ ማያያዣ ይበቃዋል፤ ከሁለቱ አንዱ መቅረት አለበት።

ሁለተኛው ስምን የሚገልጠው ጥገኛ ነው። አማርኛ «ያየሁት ሰው» ሲል በግሡ ጫፍ ያለችው «ት» ሰውየውን ታመለክታለች። ተማሪው ይህችን «ት» አልጥል ብሎ «ዘ ማን ሁም አይ ሶ ሂም» ይላል። በእንግሊዝኛ ግን «ሁም» የተባለው ቃል የ«ሂም»ን ስፍራ ይዟልና «ሂም» ትርፍ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የከፋ ጉዳት የሚያመጣ ነው፤ የሌላውን ሰው ንግግር ማስተላለፍ። አማርኛ «አበበ ነገ እመጣለሁ አለ» ይላል፤ የሚመጣው አበበ መሆኑን ሁሉ ያውቃል። ተማሪው ቃል በቃል «አበበ ሴድ ዛት አይ ዊል ከም ቱሞሮ» ብሎ ሲጽፍ ግን፥ በእንግሊዝኛ የሚመጣው አበበ መሆኑ ቀርቶ ደብዳቤውን የጻፈው ተማሪ ራሱ ይሆናል። ትክክሉ «አበበ ሴድ ዛት ሂ ዉድ ከም ዘ ኔክስት ዴይ» ነው። ይህ በደብተር ላይ የአንድ ነጥብ ስሕተት ነው፤ በምስክርነት ቃል ወይም በውል ላይ ግን ሰውን ያላለውን ያሰኛል፥ ያልገባበትን ግዴታ ያስገባል።

እንግዲህ መድኀኒቱ ምንድን ነው? ቢባል፥ ትርጓሜን ከማስጠናት በፊት ማሰሪያን ማስፈለግ ነው። ሥራው አራት እርምጃ አለው። በመጀመሪያ ተማሪው በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ጊዜን የሚያሳዩትን ግሦች ሁሉ ያስምርባቸዋል። «ጎይንግ»ና «ቱ ጎ»ን የመሰሉት አይሰመርባቸውም፤ እንደ አማርኛው ቦዝና ንኡስ አንቀጽ ብቻቸውን አያስሩምና። በሁለተኛው ዐዋጅ ነጋሪዎቹንና አያያዦቹን ያከብባቸዋል። በሦስተኛው እያንዳንዱን ዐዋጅ ነጋሪ ከገዛ ግሡ ጋር በመስመር ያገናኛል። በአራተኛው ያለ ዐዋጅ ነጋሪ የቀረውን ግሥ ያገኛል፤ ዋናው ማሰሪያ እርሱ ነው። ከዚያም «ባለቤትህ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል።

ይህ ሥርዐት በገበሬውና በውሻው ላይ ይፈተን። የተሰመረባቸው ግሦች ሦስት ናቸው፤ «ቦት»፥ «ኪልድ»፥ «ወንት»። የተከበቡት ሁለት ናቸው፤ «ሁ» እና «ዛት»። «ሁ» «ቦት»ን ይዞ ይሄዳል፤ ገዢው ገበሬው ነው። «ዛት» «ኪልድ»ን ይዞ ይሄዳል፤ ገዳዩ በሬው ነው፤ ውሻው ተገዳይ ነው። «ወንት» ብቻውን ቀረ። ግሥ ያላገኘ ባለቤትም አንድ ብቻ ቀርቷል፤ እርሱም በመጀመሪያ የተጠራው «ፋርመር» ነው። ስለዚህ ወደ ቤቱ የሄደው ገበሬው ነው። ያ ልጅ የሳተበት ምክንያትም አሁን ይገለጣል። በአማርኛው «ገበሬ» የሚለው ስም ከ«ሄደ» አጠገብ ቆሟል፤ በእንግሊዝኛው ግን በመካከላቸው ሁለት ጥገኛ ዐረፍተ ነገሮች ገብተዋል። ልጁ በልማዱ በአቅራቢያው ያለውን ስም ያዘ፤ ያገኘውም የሞተውን ውሻ ነበር።

ከዚህ ሥራ አንድ ጠቃሚ መመዘኛ ይገኛል። የማያያዣዎቹ ቍጥር ከማሰሪያዎቹ ቍጥር በአንድ ያንሳል፤ ለሁለት ማሰሪያ አንድ፥ ለሦስት ማሰሪያ ሁለት። ተማሪው የገዛ ጽሕፈቱን በዚህ ቢመዝን የነጠላ ሰረዙን ስሕተትም፥ የ«ኦልዞ»ና የ«ባት»ን መደራረብም ራሱ ያገኘዋል። እርግጥ ነው፥ አንዳንድ ጊዜ ማያያዣው ተሰውሮ ይገኛል፤ «ዘ ቡክ አይ ቦት» ሲባል «ዛት» ውስጠ ዘ ሆኖ ቀርቷል። አንድ ባለቤት ሁለት ግሥ ሲኖረውም፥ እንደ «ሂ ኬም ኤንድ ሳት» ያለውን አንዳንዱ መጽሐፍ ነጠላ ይለዋል። ሁለቱ ግሦች እኩዮች መሆናቸውንና ባለቤታቸው አንድ መሆኑን ተማሪው ካወቀ፥ በስሙ ላይ ክርክር ማብዛት ትርፍ የለውም።

ማፍረስ ከተለመደ በኋላ ማነጽ ይከተላል። መምህሩ ሁለት ነጠላ ዐረፍተ ነገሮችን ይሰጣል፤ «ዝናቡ ዘገየ» እና «ገበሬዎቹ አልዘሩም»። ተማሪው በ«ኤንድ»፥ በ«ቢኮዝ»፥ በ«ዌን» ሲያያይዛቸው በየጊዜው ምን ዓይነት አሳብ እንደ ተወለደ ይናገራል። «ኤንድ» ሁለቱን ጎን ለጎን ያቆማቸዋል፤ «ቢኮዝ» አንዱን የሌላው ምክንያት ያደርገዋል፤ «ዌን» ጊዜውን ያሳያል። በዚህ ጊዜ የዐረፍተ ነገር ዓይነት ማለት አሳብ ከአሳብ ጋር የሚዛመድበት መንገድ መሆኑ ለተማሪው ይገባዋል።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። አንደኛው፥ «ክፍሉ የተጨናነቀ ነው፤ መሣሪያም የለም» የሚል ነው። ይህ ሥራ ከጥቁር ሰሌዳና ከጠመኔ የበለጠ መሣሪያ አይሻም፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ አምስት ዐረፍተ ነገሮች በሚገባ ቢፈቱ ከሠላሳ የተገለበጡ ትርጓሜዎች ይበልጣሉ። ሁለተኛው፥ «ፈተናው የሚጠይቀው ስሙን ነው» የሚል ነው። ይህ እውነትነት አለው፤ ስለዚህ ስሙም ይሰጥ፤ ግን በመጨረሻ። ማሰሪያውን ያገኘ ልጅ ስሙን በአንድ ቀን ይይዘዋል፤ ስሙን የያዘ ልጅ ግን ማሰሪያውን በዓመትም ላያገኘው ይችላል። ፈተና የሚያዘጋጁትም «ይህ ዐረፍተ ነገር ከአራቱ የትኛው ነው?» ብለው በሚጠይቁበት አጠገብ «ወደ ቤቱ የሄደው ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ቢጨምሩ፥ መምህሩ በክፍሉ የሚያስተምረው ነገር በዚያው ይቃናል።

የመምህራን ማሠልጠኛዎች ኀላፊነት ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። እጩው መምህር የአማርኛውን ወይም የእናቱን ቋንቋ ሰዋስው እንደ ተራ ነገር ንቆ ወደ እንግሊዝኛው ከሮጠ፥ የሚነጻጸርበት መሠረት አይኖረውም። ማሰሪያን፥ ቦዝን፥ ባለቤትን፥ ተሳቢን በገዛ ቋንቋው አጥርቶ ያወቀ ሰው ግን የባዕዱን ቋንቋ በር የሚከፍትበት ቍልፍ በእጁ አለ። የእናት ቋንቋ የእንግሊዝኛ ጠላት ነው የሚሉ አሉ፤ ጠላት የሚሆነው መምህሩ ሳያውቀው ሲቀር ነው፤ ሲያውቀው ግን የመጀመሪያው ረዳቱ ነው።

የተከበራችሁ መምህራን፤ ያ በሣቅ የተቀመጠው ልጅ በነገው ክፍለ ጊዜ ደግሞ ይነሣል። በእጁም የሥነ ሕይወት መጽሐፍ አለ። በፊቱ የተዘረጋው ረጅም ዐረፍተ ነገር አንድ ማሰሪያ እንዳለው፥ ያም ማሰሪያ ሊገኝ እንደሚችል የሚነግረው ሰው ቢያገኝ፥ መጽሐፉ የተዘጋ ግንብ መሆኑ ይቀርና በር ያለው ቤት ይሆንለታል። ውሃውን መጠጣት ይገባው እንደ ሆነና አይገባው እንደ ሆነ ራሱ አንብቦ ይረዳል። ወደ ቤቱ የሄደው ማን እንደ ሆነም ያውቃል። መምህሩም ከእንግሊዝኛው ክፍል ሲወጣ፥ «ዛሬ ስንት ትርጓሜ አስጠናሁ?» በማለት ፈንታ «ዛሬ ስንቱ ልጅ ማሰሪያውን አገኘ?» ብሎ ራሱን ቢጠይቅ የድካሙን ፍሬ ያያል።